ከሰባት እስከ አሥር

የሐዲድ ስፖርት ክለብ ተጫዋቾች ልምምድ ባቆሙ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ፍሪጅ የሚጠግነው ባሮክ ውብሸት የክለቡ ዘጠኝ ቁጥር ሆኖ እንዲሰለፍ ዕጣ ወጣበት። መልእክቱ ስልኩ ላይ ሲገባ ባሮክ በሆዱ ተኝቶ፣ እጁን እስከ ክርኑ የአንድ ሥጋ ቤት ፍሪጅ ሥር ሰዶ ነበር። እስከ ቀትር ጽሕፈት ቤት ይቅረቡ፣ የጫማ ቁጥርዎን አይርሱ ይላል።

ባሮክ አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆም ብሎ ስለ ሙቀቱ አስተያየት የሚሰጥ ዓይነት ሰው ነው። ኳስ ለመጨረሻ ጊዜ የመታውም የሰፈር ልጆች ወደ ሱቁ ያስገቧትን መልሶ ወደ መንገድ ሲለጋ ነበር፤ ያን ጊዜም ወገቡን ለአራት ቀን ታሟል።

ነገሩ ግን ሕጋዊ ነበር። በ2061 የውድድር ዘመን የዓመት ካርድ የሚያወጣ ደጋፊ ሁሉ ሳያነብ እስማማለሁ ብሎ የሚነካው ውል አለ። አንቀጽ አርባ ሁለቱ ተጫዋቾች በማናቸውም ምክንያት ሜዳ ካልገቡ ክለቡ ከካርድ ባለቤቶች መካከል በዕጣ ተተኪ እንደሚያሰልፍ ይደነግጋል። ተተኪው እምቢ ካለ ወይም ውሉን ካፈረሰ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ይሰረዛል። ባሮክ ካርዱን ከያዘ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መቀመጫው፣ በጥላው በኩል ስምንተኛው ረድፍ ላይ ያለው፣ ከአባቱ የተላለፈለት ነው።

በዚያ ዘመን ተጫዋች የሚፈርመው ለዘጠና ደቂቃ ብቻ አልነበረም። ውሉ ቀኑንም ሌሊቱንም ይወስዳል። እያንዳንዱ ተጫዋች አንገትጌው ላይ ፊቱንም ፊት ለፊቱንም የምታሳይ ትንሽ ካሜራ ይለጥፋል፤ መጠኗን አይቶ ከተማው ሽምብራ የሚል ስም አውጥቶላታል። ተከታዮች ከየቤታቸው ያያሉ፣ አይተውም በድምፅ ይወስናሉ። ተጫዋቹ ቁርስ ምን እንደሚበላ፣ ጸጉሩን የት እንደሚቆረጥ፣ ከወንድሙ ጋር ሲጣላ ማን ቀድሞ እንደሚደውል። ድምፁ ከግማሽ ካለፈ ተጫዋቹ ይፈጽማል፤ ቅሬታ ማሰማት በውሉ ክልክል ነው። የክለቡ አምበል ፈርሃን አብዲ ከአሥራ ሰባት ዓመቱ ጀምሮ የሚበላውን መርጦ አያውቅም። እናቱ ስትሞት ለቅሶ የተቀመጠበትን ሸሚዝ የመረጡለት ተከታዮቹ ናቸው። ነጩ በሰፊ ልዩነት አሸንፏል።

ተጫዋቾቹ ሽምብራቸውን ነቅለው ልምምድ ያቆሙት ደመወዝ ይጨመርልን ብለው አልነበረም። ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ሰዓት ሽምብራዋ ትጥፋልን ነው ያሉት። ድሬዳዋ በእነዚያ ሰዓቶች ሱቅ ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ሰው ሽርጡን አሸርጦ ጋደም ይላል፣ ውሻው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይሰወራል። እነሱም እንደ ሰው ጋደም ማለት አማራቸው። ክለቡ እምቢ አለ። ጋደም ያለው ከተማ በዚያ ሰዓት የሚያየው እነሱን ነበርና።

ባሮክ መጀመሪያ ላይ የተቆጣው በተጫዋቾቹ ነበር። የፈርሃን ተከታይ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው። በየማለዳው፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ለፈርሃን ቁርስ ፉል ብሎ ድምፅ ይሰጣል። ሐኪም በጨጓራው ምክንያት ፉል ስለከለከለው ፈርሃን ሲበላ ማየት ያጽናናው ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የፈርሃን ገጽ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው እንደተከዳ ሰው ተሰማው። ስለዚህ ዕጣው ሲወጣበት ሥጋ ነጋዴውን ከነፍሪጁ ትቶ በባጃጅ ወደ ክለቡ ሄደ።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ ሀሴት ታምራት በአክብሮት ተቀበሉት። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው፤ ቀስ ብለው ይናገራሉ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አያቋርጡም። ተጫዋቾቹ ልጆቻቸው ማለት እንደሆኑ ነገሩት። ሦስት ሰዓት ዛሬ ከሰጧቸው ነገ ሌሊቱን እንደሚጠይቁ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ በራቸውን ዘግተው እንደሚቀሩ አስረዱት። ባሮክ እውነታቸውን ነው አለ። አውራ ጣቱን ሰጥቶ ፈረመ፣ ሽምብራዋንም ራሳቸው አንገትጌው ላይ ለጠፉለት። ማልያው ሆዱ ላይ ሲደርስ እምቢ ስላለ ጎኑን ቀድደው በሌላ ጨርቅ አሰፉለት።

ባለቤቱ ኤልዳና የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ማታ ገብቶ ሲነግራት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፣ ሽምብራዋን ቤትም ይዟት ሊገባ እንደሆነ። ውሉ ነው አላት። ኤልዳና ነጠላዋን ተከናነበች፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮም ባሏን ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው ታናግረው ጀመር። ራት መቅረቡን ታሳውቀዋለች። ስላደረገው ትብብር ታመሰግነዋለች። ሃያ አንድ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ሲሰዳደቡም ሲሳሳቁም የሰማቸው ጎረቤት ቤቱ ጸጥ ሲል ሰው የሞተ መስሎት መጥቶ አንኳኳ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ቅዳሜ ነበር። ከተተኪዎቹ አንዱ ፋርማሲስት፣ አንዱ ምክትል ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ በረኛው ደግሞ መነጽሩን ሲያወልቅ ኳሷን ጭራሽ የማያይ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ስምንት ለዜሮ ተሸነፉ። ባሮክ በጠቅላላው አራት ጊዜ ሮጠ፤ በአራተኛው ላይ የተጋጣሚው ተከላካይ አዝኖለት ውኃ አቀበለው። በሠላሳ ሦስተኛው ደቂቃ ኳሷ እግሩ ሥር ስትገባ ተከታዮች እንዲቀመጥባት ድምፅ ሰጡ። ተቀመጠባት። ዳኛው ሕጉን አገላብጦ ሲያይ በግልጽ የሚከለክል ነገር አላገኘም።

ማንም ያልጠበቀው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተመልካቹ ቁጥር በአንድ ሳምንት ሦስት እጥፍ ሆነ። ጎል የሚያገባ ሰው ሁሉም ለምዷል። ፍሪጅ እየጠገነ የሚያንጎራጉር፣ ደንበኛ ሲዘገይበት ለብቻው የሚከራከር፣ ሚስቱን የሚፈራ ዘጠኝ ቁጥር ግን አይተው አያውቁም። ባሮክ ሱቁን ሲከፍት አርባ ሺህ ሰው አብሮት ይከፍታል። የትኛውን ብሎን ቀድሞ እንደሚፈታ ድምፅ ይሰጣሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም ይሳሳታሉ፤ ፍሪጆቹ እንደገና እየተበላሹ መመለስ ጀመሩ። ክለቡ በበኩሉ አዲሱ አሠራር ተስፋ ሰጪ ሆኖ መገኘቱንና ከቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ጋር የነበረው ድርድር መቋረጡን አስታወቀ።

ፈርሃን አብዲ ባሮክ ሱቅ በር ላይ የቆመው ይህ በተገለጸ ማግስት ነው። አንገትጌው ባዶ ነበር። ረጅምና ቀጭን ልጅ ነው፤ ሽምብራ ሳይኖረው እጁን የት እንደሚያደርገው የጠፋበት ይመስላል። ባሮክ ደነገጠ። ሦስት ዓመት በየቀኑ ያየውን ሰው አንድም ቀን ጨብጦት አያውቅም። ተከታዮቹ ቁርስ ይጋብዘው ብለው ወዲያው ድምፅ ሰጡ፣ ቀጥለውም ምርጫውን ፉል አሉ። ከማዶ ካለው ምግብ ቤት ሳህኑ መጣ። ፈርሃን አየው፣ በትሕትና ወደ ባሮክ ገፋው።

«ጋሼ ባሮክ፣ አይቀየሙኝ» አለ። «እኔ ፉል አልወድም። ከልጅነቴ ጀምሮ ይከብደኛል። ከበላሁት በኋላ እስከ ምሳ ያቅለሸልሸኛል።»

ባሮክ ለምን ሳይናገር እንደኖረ ጠየቀው። ለማን ልናገር አለ ፈርሃን፤ ቅሬታ ክልክል ነው። ባሮክ ከአንድ ሺህ በላይ ማለዳ በአእምሮው አለፈበት። የድምፁ አሰጣጥ ሚስጥር ነው፣ ፈርሃን ማን እንደመረጠለት አያውቅም። ባሮክ ግን ፊቱ ቀላ፣ ሽምብራዋም ያንን ለአርባ ሺህ ሰው አሳየች።

ተነስቶ ልጁን ወደ ማዶ ወሰደውና የፈለገውን እንዲመርጥ ነገረው። ፈርሃን ዝርዝሩ ፊት ሩብ ሰዓት ያህል ቆመ። ስልኩን በልማድ አውጥቶ ተመለከተ፤ የሚነግረው አልነበረም። በመጨረሻ ፈጢራ በማር አዘዘና ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ በላ። ሲጨርስ የመጣበትን ነገር ተናገረ። ባሮክን አቁም ሊለው አልመጣም፤ እርስዎም ውል ፈርመዋል አለው። ብቻ ተተኪዎቹ ደህና መሆናቸውን ማየት ፈልጎ ነበር። ከሽምብራ ጋር ማደር ይከብዳል፣ በተለይ አምስተኛው ሳምንት ላይ ብሎት ሄደ።

ባሮክ አምስተኛው ሳምንት ላይ አልደረሰም። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ኤልዳና ሻንጣዋን አዘጋጅታ በር ላይ ጠበቀችው። መዳፏን ሽምብራዋ ላይ ጫን አድርጋ ጋረደቻት። ይህ በውሉ ጥፋት ስለሆነ ስልኩ መጮህ ጀመረ፤ እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ባሮክ፣ አልተጣላሁህም። ግን ባሌን ለማናገር አርባ ሺህ ሰው ማስፈቀድ አልችልም። እህቴ ጋ ነኝ። ስትጨርስ ና።»

ወደ ከዚራ፣ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ባሮክ ሁለት ቀን ቻለ። ያለ እሷ ቤቱ ውስጥ ጨው የት እንደሚቀመጥ እንኳ እንደማያውቅ ተረዳ፤ ተከታዮቹም አብረውት ተረዱና ተደሰቱ። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሊያመጣት ወሰነ። ጫማውን ሲያስር ስልኩ ላይ ጥያቄ ወጣ፦ ባሮክ ሚስቱን ለማምጣት ይሂድ ወይስ ብቻውን ይቆይ? ውጤቱ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ታወቀ። ሰባ አንድ ከመቶው ይቆይ አለ። አንዱ ከሥር ምክንያቱን ጽፎ ነበር፣ ብቻውን ሽሮ ሲሠራ ማየት እንፈልጋለን የሚል።

ባሮክ ያንን አንብቦ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የጻፈውን ሰው ሊጠላው ሞከረ፣ አልሆነለትም። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ጨጓራው ታሞ ሽሮ የተከለከለ ሰው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ተነስቶ ወጣ።

ከሳቢያን እስከ ከዚራ በእግሩ ነው የሄደው። ባጃጆቹ የተከታዮችን ውሳኔ ስለሚያከብሩ አንዱም አልጫነውም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ወንዙ ዳር ሲደርስ ስልኩ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ አሰማ፣ ድልድዩ መሐል ላይ ሁለተኛውን። ከሦስተኛው በኋላ ካርዱ እንደሚሰረዝ ያውቃል። አባቱ ስምንተኛው ረድፍ ላይ እጁን ይዞት ተሰልፈው የሚገቡትን ተጫዋቾች በስም በስም ይነግረው የነበረውን አሰበና ቆመ። ሰው ከየመስኮቱ መጋረጃ ገልጦ ያየው ነበር፤ በስልካቸው የሚያዩትን ሰው በዓይናቸው ሲያዩ ግራ የተጋቡ ይመስላሉ። ባሮክ ላቡን ጠረገ፣ ስለ ሙቀቱ አንድ ሁለት ነገር ለራሱ ተናገረና ድልድዩን ተሻገረ። ሦስተኛው ድምፅ የመጣው ከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ሲገባ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የያዘው ካርድ እዚያው ጥላው ላይ አበቃ።

የእህቷ ቤት አጥር ሥር አንዲት ፍየል የካርቶን ቁራጭ እያኘከች ቆማ ነበር። ባሮክ ሽምብራዋን ከአንገትጌው ነቀላት፣ ዙሪያውን አየ፣ የፍየሏ አንገት ላይ ለጠፋትና በሩን አንኳኳ። ኤልዳና ራሷ ከፈተችለት። አንገትጌውን አየች፣ ቀጥላም ሸሚዙን በላብ እንዳበላሸው፣ ጫማውን ግራና ቀኝ አዛብቶ እንዳሰረው፣ እንደ ሕፃን ሰው ካልያዘው መንገድ እንደማያውቅ እየነገረች ወደ ውስጥ አስገባችው። ባሮክ ደስ ብሎት ሰማት።

ፍየሏ ሁለት ቀን ተኩል በቀጥታ ተላለፈች። ተከታዮች ወደ ግራ እንድትሄድ ድምፅ ይሰጡ ነበር፣ እሷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ልብስ መብላት እንድታቆም ሰማንያ ስምንት ከመቶ ወሰኑ፤ አላቆመችም። ባለቤቷ ሽምብራዋን አይቶ ሲያነሳት የተመልካቹ ቁጥር በክለቡ ታሪክ ከፍተኛው ላይ ደርሶ ነበር።

ክለቡን የጎዳው ግን ፍየሏ አይደለችም። የባሮክ ካርድ መሰረዙ ሲሰማ ሰዉ መጀመሪያ አዘነ፣ ቀጥሎ አንቀጽ አርባ ሁለትን አወጣና አነበበው፣ ከዚያም አሰበ። የጎደለ ቦታ ለመሙላት ዕጣው በየሳምንቱ ሐሙስ ይወጣል፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ማን ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅም። ሁሉም የየራሱን የሳሎን ወንበር፣ የየራሱን ሚስት፣ የየራሱን ሽሮ አሰበ። አርብ ዕለት ስድስት መቶ ሰው ካርዱን በገዛ ፈቃዱ መለሰ። ሰኞ የመላሹ ሰልፍ ባቡር ጣቢያው ድረስ ደርሶ ነበር። ከተተኪዎቹም የቀረ አልነበረም፤ ፋርማሲስቱ ሽምብራውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከክትባት ጋር አስቀምጦ ወደ ሥራው ተመልሷል። በቀጣዩ ሐሙስ ዕጣው ሲወጣ ካርድ የያዙ አሥራ ሦስት ሰዎች ብቻ ቀርተው ነበር። የክለቡ ደንብ የሥራ አመራር አባላት ካርዳቸውን መመለስ እንደማይችሉ ስለሚናገር እነዚህ አሥራ ሦስቱ የሥራ አመራሩ ነበሩ። ማሽኑ ሳያዳላ አወጣ። ወይዘሮ ሀሴት ታምራት ዘጠኝ ቁጥር ደረሳቸው።

ሴትየዋ ለክብራቸው ሲሉ አልተከራከሩም። ሽምብራዋን ራሳቸው ለጠፉ፣ የስፖርት ጫማም ገዙ። በመጀመሪያው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ፣ ለሠላሳ ዓመት እንደለመዱት፣ ቢሯቸውን ቆልፈው ጫማቸውን አውልቀው ሶፋው ላይ ሊጋደሙ ሲሉ ተከታዮች ቀጥ ብለው እንዲቀመጡ ወሰኑ። ቀጥ ብለው ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን በዚያው ሰዓት እንዲዘፍኑ ተጠየቁ። ድምፃቸው አያምርም፣ ይህንንም ራሳቸው ያውቃሉ፤ ዘፈኑ። በሦስተኛው ቀን ሰባት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ፈርሃንን በስልክ ጠርተው ውሉን ፈረሙ። ከሰባት እስከ አሥር፣ በየቀኑ፣ ለሁሉም ተጫዋች። ፊርማቸውን ካኖሩ በኋላ ሽምብራዋን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉባት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ተጫዋቾቹ ሲናገሩ ልጆቼ ብለው አያውቁም፣ በስማቸው ይጠሯቸዋል።

ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ በተመለሱ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ፈርሃን አንድ ፌስታል ጊሽጣ ይዞ ባሮክ ቤት መጣ። ደንግጦ ነበር። ሲደራደሩ የባሮክን ካርድ ማስመለስ ሳያነሱ መቅረታቸው ትናንት ነው ትዝ ያለው።

«ረሳነው፣ ጋሼ ባሮክ» አለ። «ሌላ ሰበብ የለኝም። ደስታው ነው ያስረሳን።»

ባሮክ ምንም አይደለም አለ። ምንም አይደለም ማለቱ እውነት አልነበረም፣ ሁለቱም ያውቁታል። ኤልዳና ጊሽጣውን አጥባ አቀረበችና ሦስቱም በሉ። ፈርሃን ለማካካስ ያህል ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። የእሱ ገጽ ጥቁር ነበር፤ ሰባት ሰዓት ላይ ጠፍቷል። ያም ሆኖ ሥልሳ አንድ ሺህ ሰው ጥቁሩን እያየ ነበር። ከሥሩ ድምፅ ይሰጣሉ፦ ፈርሃን አሁን ምን እያደረገ ነው? ሴት ጋ ነው የሚለው ይመራል፣ ከሌላ ክለብ ጋር በድብቅ እየተደራደረ ነው የሚለው ይከተላል። ተኝቷል የሚለውን የመረጠ ሁለት ከመቶ ብቻ ነው። ፈርሃን ሳቀ፣ ስልኩን በፊቱ ደፋውና ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ሊያወራ ጀመረ። የተጋጣሚው በረኛ በግራ በኩል እንደሚዘገይ እየነገራቸው ሳለ ቃሉን ሳይጨርስ እንቅልፍ ወሰደው። አፉ ተከፈተ፣ አንድ እግሩ ከሶፋው ወረደ፣ ጣቱ ላይ የጊሽጣ ፍሬ እንደተጣበቀ ቀረ።

ባሮክ ወንበሩን ተደግፎ ያየው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንን ልጅ ሲበላ፣ ሲሮጥ፣ ሲያለቅስ አይቶታል፤ እንዲህ ሲተኛ ግን አላየውም ነበር። ተከታዮች የሚተኛበትን ጎን እንኳ የሚመርጡለት ሰው እንዲህ ተዝረክርኮ አይተኛም። ሥልሳ አንድ ሺህ ሰው የሚፈልገውን ነገር እሱ ብቻውን፣ ከሁለት ክንድ ርቀት ላይ፣ በነፃ እያየው እንደሆነ ገባው። ጉጉቱም አልለቀቀውም።

«አትየው እንግዲህ» አለች ኤልዳና በሹክሹክታ።

መጋረጃውን አወረደች። ባሮክም ድምፅ እንዳያሰማ ወንበሩን በሁለት እጁ አነሳው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና እስከ አሥር ሰዓት እንደዚያው ተቀመጠ።